ጥርስ ማንጣት በኢትዮጵያ፦ ከመፋቂያ እስከ ብሊች

ጥርስ ማንጣት ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው በጥርስ ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻና ቀለም ማስለቀቅ ነው። ሁለተኛው የጥርሱን የራሱን ቀለም በኬሚካል መለወጥ ነው። መፋቂያ፣ ብሩሽና የክሊኒክ እጥበት የመጀመሪያውን ይሠራሉ። ሁለተኛው የብሊች ሥራ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሁለቱን ሲያምታታ ነው፤ እጥበት የሚበቃው ሰው ብሊች ይገዛል፣ ውሃ ያበለዘው ጥርስ ያለው ደግሞ በከሰል ይታገላል።

ጤነኛ ጥርስ እንደ ወረቀት አይነጣም። ላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ቢጫ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ኢናሜሉ እየሳሳ ዴንቲኑ እየጎላ ይመጣል። የጥርስ ሐኪሞች ቀለም የሚያመሳክሩበት ቪታ የሚባለው መለኪያ 16 ደረጃዎች አሉት፤ ከሁሉ ነጣ ያለው እንኳ ወረቀት አጠገብ ሲያዝ ቢጫ ቢጤ ይታይበታል። «ሐጫ በረዶ» ለዘፈን ያምራል እንጂ ከተፈጥሮው ያገኘው ሰው ጥቂት ነው።

መፋቂያ

ስሙ «ፋቀ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ደጋው ላይ በብዛት የሚወደደው ወይራ ነው፤ ክትክታም ይፋቅበታል። በአፋርና በሶማሌ ቆላዎች የሚታወቀው ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ የሆነው ዛፍ ነው። ሙስሊሞች ሲዋክ ወይም ሚስዋክ ይሉታል፤ ከሶላት በፊት መፋቅም ሱና ነው።

ጥሩ መፋቂያ እርሳስ የሚያህል ውፍረት አለው፣ ርዝመቱ ስንዝር አይሞላም። የጫፉ ልጣጭ በጥርስ ይነሳል፣ ከዚያ ይታኘካል። ወይራ መጀመሪያ ላይ መረር ይላል። ክሩ ሲበተን ብሩሽ ሆነ ማለት ነው። የሚፋቀው ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ነው። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ የሚጎትት ሰው ድዱ እየሸሸበት ይሄዳል። ክሩ ሲያረጅ ተቆርጦ ሌላ ጫፍ ይወጣለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሻጩ እስሩን በእጁ ጨብጦ፣ አንዷን አፉ ውስጥ ከትቶ እየፋቀ ነው የሚዞረው። ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ የት ይገኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች ሰው እንዲጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አበረታቷል። በደንብ ለሚፋቅበት ሰው መፋቂያ ከብሩሽ አያንስም። የቡና፣ የሻይና የጫት ቀለም ገና ሳይጠና ያስለቅቃል። ወደ ኋላ ላሉት መንጋጋዎችና ለጥርስ የውስጥ ጎን ግን አይመችም፤ ይህን መፋቂያ ወዳዶችም አንክድም። ድንጋይ ሆኖ የተጋገረውን አይነካውም። እሱ የክሊኒክ እጥበት ይፈልጋል።

የድድ ንቅሳት

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ውቅራትም ይባላል። ጥላሸት ወይም ሌላ ጥቁር ነገር በመርፌ ወይም በእሾህ ድድ ውስጥ ይገባል። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ ይታያል። ጥርሱ ራሱ አልተነካም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ድድ ያጠነክራል፣ መድማት ያቆማል የሚሉም አሉ። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መነቀስ ግን በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

የውሃው ጉዳይ

በስምጥ ሸለቆ ጥርስ ማንጣት ሲነሳ ወሬው መጀመር ያለበት ከውሃው ነው። ከመተሐራ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው፣ ውሃው ትኩስና ሶዳ የበዛበት ነው፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ካልሲየም ቢበዛ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወንጂ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ።

ወንጂ ለዚህ ታሪክ ዋናዋ ምስክር ናት። የስኳር ፋብሪካውን ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው፤ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የኢትዮጵያን ሻይ ያጣፈጠችው ወንጂ ናት ብንል አልዋሸንም። ሠራተኛው ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም ቦታ መጣ። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ታየ። አዋቂ ሆነው የመጡት ወላጆች ጥርሳቸው ነጭ ነበር። ካምፕ ውስጥ የተወለዱት ልጆቻቸው ግን ቋሚ ጥርሳቸው በልዞ ወጣ። አንድ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማዕድ፤ ጥርሱ ግን ሁለት ዓይነት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበልዘው ኢናሜሉ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ይህ ጊዜ ከልደት እስከ 8 ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። ይህ ማለት ግን ውሃው ለአዋቂ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞች አንገታቸው ደርቆ፣ ወገባቸው ጎብጦ የታየው ፍሎራይዱ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነው። ሐኪሞች ይህን ከመዘገቡ በኋላ ማጣሪያዎች ተተከሉ። በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች የአጥንት ከሰል፣ እንዲሁም አልም በሚባል ጨውና በኖራ የሚሠራ ማጣሪያም ተሞክሯል። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድ አያስወግድም። ውሃው ሲተን ጭራሽ ይወፍራል። ብዙ እናቶች ለልጅ አፍልተው የሚሰጡት በቀና ልብ ነውና ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲገባ የአገሬው ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ጥፋተኛው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው።

የበለዘ ጥርስ በመፋቅ አይነጣም። ቀለሙ የተቀባ ሳይሆን አብሮ የተሠራ ነው። ሆኖም መላ አለው። ነጠብጣቡ ቀለል ያለ ከሆነ ብሊች ልዩነቱን ያለሳልሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ብሰው ሊታዩ ይችላሉ፣ መደንገጥ አያስፈልግም። ቡናማው ላይ ላዩን ከሆነ ሐኪሙ በአሲድና በደቃቅ ዱቄት ስስ ሽፋን ያነሳል፤ ማይክሮአብሬዥን ይባላል። ተቦርቡሮ የተሰባበረ ጥርስ ግን መሸፈን አለበት፣ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት) ወይም በቬኒር (ጥርሱ ፊት ላይ በሚለጠፍ ስስ ሽፋን)። ቬኒር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ኢናሜል ይሞረድለታል፣ የተሞረደው ደግሞ አይመለስም።

ብሊች

የሚሠራው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ወይም ወደ እሱ የሚለወጠው ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ። በረኪና አይደለም። በረኪና ማንም አፉ ውስጥ እንዳያስገባ።

ክሊኒክ ውስጥ ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ፐርኦክሳይድ ድድ ተሸፍኖ ይቀባል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አብሮ የሚበራው ሰማያዊ መብራት ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል የሚለው ያጠራጥራል። የቤቱ መንገድ ቀስ ያለ ነው። በጥርስ ልክ በተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ተደርጎ ይታደራል፣ ለሁለት ሳምንት ገደማ። 10 በመቶ ካርባማይድ የሚሰጠው 3.5 በመቶ ያህል ፐርኦክሳይድ ነው። ሄይዉድና ሄይማን የተባሉ ሐኪሞች ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 ጽፈው ካሳወቁ ወዲህ ብዙ የተጠናው እሱ ነው። መምረጥ ካለብኝ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ስትሪፕ፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስተር፣ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ተጣሞ የበቀለ ጥርስ ላይ ግን በደንብ አይለጠፍም።

የአውሮፓ ኅብረት ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ያለው ምርት የመጀመሪያው አጠቃቀም በጥርስ ሐኪም እንዲሆንና ከ18 ዓመት በታች ላለ እንዳይሰጥ ደንግጓል። ነፍሰ ጡሮችም እንዲቆዩ ይመከራል። በብሊች ጊዜ ጥርስ ቀዝቃዛ ሲነካው መጠዝጠዙ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል።

ከሰል፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ስልክ ላይ በየቀኑ ይታያሉ። ሎሚ በጭራሽ አይሆንም፤ ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ ኢናሜል ከፒኤች 5.5 በታች መሟሟት ይጀምራል፣ የሎሚ 2 አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ንጣት የተበላ ኢናሜል ነው። ስለ ከሰል በ2017 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ግምገማ ያነጣል የሚለውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ቤኪንግ ሶዳ ከሁለቱ ይሻላል።

ለመምረጥ

መጀመሪያ መታጠብ። ብዙ ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ሲጋራ ያለበት ሰው ከእጥበት ሲወጣ ብሊቹን ይተወዋል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ በፊት ይታከም። ሙሌት፣ ክራውን (ጥርስን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) እና ቬኒር በብሊች አይነጡም፤ የፊት ጥርሱ አንዱ ክራውን የሆነ ሰው ሌሎቹን ካነጣ ክራውኑ ብቻውን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ሙሌት ደግሞ ከብሊች በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ተቆይቶ ነው የሚሠራው። ሙሽሮች ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው፤ በሠርጉ ሳምንት የሚመጣው ብዙ ነው። በልጅነት ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በመውሰድ የጠቆረ ጥርስን ማንጣት ወራት ይፈጃል። ተመቶ የሞተና ብቻውን የጠቆረ ጥርስ ከውስጥ ነው የሚነጣው።

የበለዘ ጥርስ ይዞ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኮልጌቱ አይደለም። «ያደግኸው የት ነው?» ይላል። እኔ «ወንጂ» ስል መስታወቱን አስቀምጦ ሳቀ።