«ይዞታ» ማለት ባለቤትነት ማለት ነውን?

በአቃቂና በየካ አባዶ ዙሪያ፣ ከተማው ወደ እርሻው እየገፋ በመጣባቸው አካባቢዎች፣ ብዙ ሰው «መሬቱ የእኔ ነው» ሲል በሕግ ዓይን እጁ ላይ ያለው ይዞታ፣ ማለትም በመሬቱ የመጠቀም እንጂ መሬቱን የመሸጥ ያልሆነ መብት ብቻ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ የምርቱን ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ የነበረው አራሽ እስከ 10 ሄክታር በሚደርስ መሬት የመጠቀም መብት አገኘ፤ የመሸጥ መብት ግን አልተሰጠውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም ይህንኑ አጸና፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ባለይዞታው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት ግን የራሱ ነው።

በዚህ ምክንያት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚሰላው በመሬቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን በላዩ ባለው ንብረት ነው። በተጨማሪም በቋሚነት ለሚነሣ አርሶ አደር ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ጎረቤት በምስክርነት የሚፈርምበት የእርሻ መሬት ሽያጭ ውል ነው፤ ሻጩ ራሱ የሌለውን የመሸጥ መብት ለገዢው ሊያስተላልፍ አይችልምና።