ሚያዝያ 27 እና የ1933ቱ ዘመቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድል በዓል በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ ስህተቶች በመድረክ ንግግርም በዜናም ይደገማሉ። የአንድ ቀን ስም ወራት የፈጀ ጦርነትን ስለሸፈነው ብዙ ደም የፈሰሰባቸው ቦታዎች ከነጭራሹ ተረስተዋል። በብዛት የሚሰሙትን እናንሳ።

«አዲስ አበባ ከጣሊያን ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 27 ነው»

ከተማዋ የተለቀቀችው ከአንድ ወር በፊት፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው መስፍን ዱካ ዳኦስታ ቀደም ብሎ ወደ ሰሜን ስለሸሸ፣ ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾ፣ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከተማዋን ያለ ውጊያ ተረከበ። በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሳይገቡ አንድ ወር የቆዩት በመንገዱ ርቀት ብቻ አይደለም። ካኒንግሃም በከተማዋ በቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች ላይ የበቀል እርምጃ ይወሰዳል ብሎ ስለሰጋ ጉዟቸውን አዘግይቶታል።

ሚያዝያ 27 ግን እንዲያው የተገኘ ቀን አይደለም። የወራሪው የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በእንጦጦ በኩል ሲገቡ ልክ አምስት ዓመት ሞላ። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከውድቀቱ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው «የድል በዓል መጋቢት 28 ነው» ቢሏችሁ፣ የሚናገሩት በዘመናቸው ሲከበር ያዩትን ነው።

«የአራት ኪሎው ሐውልት የሰማዕታት ነው»

የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ነው። የሰማዕታቱ ስድስት ኪሎ ያለው ነው፤ በጊዜው የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጀምሮ ለተጨፈጨፈው ሕዝብ ቆመ። ቀረብ ብላችሁ ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች ብታዩ ልዩነቱን ዳግመኛ አትረሱትም።

«እንግሊዝ ከመጀመሪያው ከጎናችን ነበረች»

አልነበረችም። በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ (ኅዳር፣ እ.ኤ.አ. 1938) ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያወጀችውን ግዛት በይፋ አውቃላታለች። ፖሊሲዋ የተቀየረው ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ሲያውጅባት ነው። አርበኛው እስከዚያ ድረስ አራት ዓመት ብቻውን ተዋግቷል።

«ነጻ ያወጡን እንግሊዞች ናቸው» ወይም «አርበኞች ብቻቸውን ናቸው»

ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። መጀመሪያ «እንግሊዝ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ኤርትራ ውስጥ ከረን ላይ የውጊያውን ትልቁን ሸክም የተሸከሙት አራተኛውና አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ናቸው። ከደቡብ የመጡት የደቡብ አፍሪካ፣ የኬንያ፣ የናይጄሪያና የጎልድ ኮስት ወታደሮች ነበሩ፤ በምዕራብ ደግሞ ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣ ጦር ተዋግቷል።

ከረን ከሰባት ሳምንት በላይ ፈጅቷል። መንገዱም ባቡሩም የሚያልፉት በአንድ ጠባብ ሸለቆ ነው። ጣሊያኖች ከላይ ያለውን ገደል በፈንጂ ንደው መንገዱን በድንጋይ ዘጉት፤ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያዩትን ተራሮችም ያዙ። አጥቂው ጥይቱንም ውኃውንም በጀርባው ተሸክሞ መውጣት ነበረበት። ድንጋዩን ለማንሳት ግን መሐንዲሶች ሁለት ቀን ገደማ ይበቃቸው ነበር፤ ሥራውን ያዘገየው ከላይ የሚወርደው ተኩስ ነው። በሸለቆው ዳር ያሉት ኮረብቶች ሲያዙ መንገዱ ተጠረገ፤ መጋቢት 18 ከረን ወደቀች።

አርበኛው ያደረገው ሌላ ነው፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ በዚህ ፍጥነት ባልሆነ ነበር። የጣሊያን ጦር መንገድና ከተማ ለመጠበቅ በየምሽጉ ተበታትኖ ስለተቀመጠ ኃይሉን አንድ ቦታ ማሰባሰብ አልቻለም። እንግሊዛዊው መኮንን ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ጎጃም ሲገባ ያገኘው ባዶ አገር ሳይሆን በላይ ዘለቀን፣ መንገሻ ጀምበሬንና ነጋሽ በዛብህን የመሰሉ መሪዎች የያዙት አገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ድንበሩን ሲሻገሩ፣ በኋላ ጌዴዎን ጦር የተባለው፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው ኃይል ከሁለት ሺህ የማይበልጡ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን መደበኛ ወታደሮች ነበሩት። ከሱዳን የመጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች የደጋውን ብርድና አቀበት ስላልቻሉ በየመንገዱ አለቁ። የካቲት 27 ቻራቃ ወንዝ ላይ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከቡሬ ለቅቆ ከሚሸሽ፣ ብዙ እጥፍ ከሚበልጠው የጣሊያን ጦር ጋር ድንገት ተገጣጠመ። ሻለቃው ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ያም ሆኖ ጠላት ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ሽሽቱን ወደ ደብረ ማርቆስ ቀጠለ። ይህን ቦታ በስሙ የሚያነሳ ንግግር ብዙም አይሰማም።

«ሉዓላዊነት በዚያው ቀን ተመለሰ»

እንግሊዞች አገሪቱን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት ቆጥረው ወታደራዊ አስተዳደር አቁመውባት ነበር። የመጀመሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥር 1934 ነው፤ የተሻለው በታኅሣሥ 1937 መጣ። ኦጋዴን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በእጃቸው ቆይቷል።

«ጦርነቱ ሚያዝያ 27 አበቃ»

በዚያ ቀን ዱካ ዳኦስታ አምባ አላጌ ላይ ገና ይዋጋ ነበር። የራስ ሥዩም አርበኞችም ከከበቡት መካከል ነበሩ። አንድ የመድፍ ጥይት የነዳጅ ማከማቻ መታና ነዳጁ ወደ ቀረው የመጠጥ ውኃ ፈሰሰ፤ መስፍኑ ግንቦት 11 እጁን ሰጠ። ጅማ በሰኔ ተለቀቀች። የመጨረሻዋ ጎንደር ናት፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህቺን ቀን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀይር ነው። 1934 ላይ ስምንት ደምሮ ጎንደር በ1942 እ.ኤ.አ. ወደቀች ይላል። ስምንት የሚደመረው ከፈረንጆች ጥር 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ጊዜ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት ማብቂያ ሰባት ነው። ቀኑን ለማግኘት ደግሞ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ዘጠኝ ይደመራል፦ 18 ሲደመር 9፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1941። ለሚያዝያ ስምንት ይደመርና ሠላሳ ይቀነሳል፦ 27 ሲደመር 8፣ 35፤ ሠላሳው ሲነሳ ሜይ 5።