የሦስት ጊዜ ድግግሞሽ ምንድን ነው?

አቅማቸው የተቀራረበ ሁለት የቼዝ ክለብ ተጫዋቾች ሲገናኙ ጨዋታው አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። የአንዱ ንግሥት ቼክ ትላለች (ንጉሡን ታጠቃለች)፣ የሌላው ንጉሥ ይሸሻል፣ ንግሥቲቱ ትመለሳለች፤ ሌላ መንገድ ልሞክር ያለ ይሸነፋል። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ ለዚህ መውጫ አበጅቷል፦ ያው አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ባለተራው አቻ መጠየቅ ይችላል።

የሚቆጠረው አቀማመጥ እንጂ እንቅስቃሴ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ በተከታታይ መምጣታቸው ግድ አይደለም። ተራው ግን የዚያው ተጫዋች መሆን፣ የካስሊንግ (ንጉሥና ግንብ በአንድ እንቅስቃሴ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) መብትም አለመለወጥ አለበት። ንጉሥ ተነሥቶ ወደ ቦታው ቢመለስ ሰሌዳው ለዓይን ያው ነው፤ መብቱ ስለጠፋ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

በ1971 (እ.ኤ.አ.) ቦነስ አይረስ ላይ አሜሪካዊው ፊሸርና የሶቪየት ኅብረቱ ፔትሮስያን ባደረጉት ሦስተኛ ጨዋታ የሆነውን እንይ። የፊሸር ንግሥት በ30ኛውና በ32ኛው እንቅስቃሴ ኢ2 በሚባለው ካሬ ላይ አረፈች። ፔትሮስያን በመጀመሪያው ዙር ንግሥቱን፣ በሁለተኛው ግንቡን አንቀሳቀሰ፤ የተሻለ ቦታ ይዞ ሳለ አቀማመጡ ያው ሆኖ መመለሱን ልብ አላለም። ፊሸር 34ኛውን እንቅስቃሴ፣ ንግሥት ኢ2ን፣ የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ጻፈና አቻ ጠየቀ።

አጠያየቁም እንዲሁ ነው። ሦስተኛውን የሚያመጣው የእርስዎ እንቅስቃሴ ከሆነ ጠጠሩን አይንኩ፤ መጀመሪያ ይጻፉት፣ ሰዓቱን ያቁሙ፣ ዳኛ ይጥሩ። ተጫውተው ሰዓቱን ከተጫኑ ተራው የባላጋራዎ ነው፣ የመጠየቅ መብቱም አብሮ ሄደ። ያመጣው ባላጋራዎ ከሆነ የሚጻፍ የለም፤ ጠጠር ሳይነኩ መጠየቅ ብቻ ነው። «ሦስት ጊዜ ሆኗል!» ብሎ ባላጋራ ላይ መጮህ ግን ጎረቤት ሰሌዳ ከመረበሽ አያልፍም።

ዳኛው ጨዋታውን ከወረቀቱ ደግሞ ያጣራል፤ ምዝገባው ከተዘበራረቀ ማስረዳት ይከብዳል። ጥያቄው ስህተት ከሆነ ለባላጋራ 2 ደቂቃ ይጨመራል፣ የተጻፈው እንቅስቃሴም የግድ ይጫወታል። ማንም ሳይጠይቅ አቀማመጡ አምስት ጊዜ ከመጣ ጨዋታው በራሱ አቻ ነው።

ብልጫው የእርስዎ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ላይ መንገድ ይቀይሩ፤ ሦስተኛውን ባላጋራዎ ሊጽፈው ይችላል።