«ከብቷ ስም ያስፈልጋታል»፦ የደቾች አባባልና የኔ የበረት ቲዎሪ

ባለፈው ቅዳሜ ሮተርዳም አራስ ጥየቃ ሄደን ነበር። እናትየው የኛ ልጅ ናት፣ ባሏ የፍሪስላንድ (የሆላንድ ሰሜን ያለ ክፍለ ሀገር) ሰው፣ እና ጠረጴዛው ላይ ገንፎውም አለ የነሱም ደረቅ ብስኩት ቅቤ ተቀብቶ ላዩ ላይ ሮዝና ነጭ ፍሬ የተነሰነሰበት አለ (ፍሬውን «ትንንሽ አይጦች» ነው የሚሉት፣ አኒስ በስኳር ተለብጦ ነው፣ ለወንድ ሲሆን ሰማያዊና ነጭ፣ ሰማያዊው ግን ገና በ1994 የመጣ ነው፣ ዓመቱን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምለው)። የልጅቷ ስም ሃርምኬ ነው ተባለ። አንዷ እትዬ ገንፎዋን እየጎረሱ «ትርጉሙስ?» አሉ።

አባትየው ግራ ገባው። «ትርጉም? የአያቴ ስም ሃርም ነው» አለ። ይሄ ደሞ ለኛ መልስ አይደለም! ወዲያው ሶስት ስልክ ወጣ፣ ጎግል ተደረገ፣ ሃርም የሄርማን አጭር መጠሪያ ነው፣ ከድሮ ጀርመንኛ «ጦር» እና «ሰው» ከሚሉት ቃላት የመጣ፣ በአጭሩ የጦር ሰው። እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ለሴት ልጅ? ለዚች ጭብጥ ለማታህል?»

ነገሩን አቀዘቅዛለሁ ብሎ አንድ ጓደኛችን ዞር አለና ለባልየው በደች «ሄት ቤስቼ ሙት ቶኽ ኤን ናም ሄበን» አለው። ባልየው በጨዋ ደንብ ፈገግ አለ፣ ከፍሪስላንድ የመጡት እናቱ ግን ፈገግም አላሉ። መኪና ውስጥ ስንገባ ምን ልትል ፈልገህ ነው ብዬ ጓደኛችንን ብጠይቀው «ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት አይደል እንዴ?» አለኝ። ወንድሜ፣ አይደለም! አንደኛ የሰው ልጅ አልጋ ላይ ቆመህ «ቤስቼ» አልክ፣ ትንሽ ከብት ማለት ነው። ሁለተኛ ደሞ ትርጉሙ የፈለከው ተቃራኒ ነው። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል ስንል ስሙ ዕጣ ነው፣ ክብደት አለው ማለታችን ነው። ደቾች ከብቷ ስም ያስፈልጋታል ሲሉ ትከሻቸውን እየሰበቁ ነው፣ ያው የሆነ ነገር መባል አለበት፣ ስሙ ላይ አትጨቅጭቁ ነው ነገሩ። ቢሮ ውስጥ አዲስ ቡድን ይቋቋምና ምን እንበለው ተብሎ ግማሽ ሰዓት ከተወራ በኋላ አንዱ ሰልችቶት ሰሌዳው ላይ «ቡድን 2» ብሎ ሲጽፍ፣ ያኔ ነው አባባሉ ቦታውን የሚያገኘው።

እኔ ይሄን አባባል የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም፣ በረት ውስጥ ነው። እዚህ አገር ስመጣ 11 ዓመቴ ነበር፣ ቤት የተሰጠን ፍሪስላንድ አንድ መንደር ውስጥ ሆነና ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበተው አንድ ሽማግሌ ላም አርቢ ነበር፣ እኛ ልጆቹ ቡርማን ነበር የምንለው፣ ጎረቤት ማለት ነው፣ ስሙን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። ክረምት ላይ ላሞቹ ሁሉ ውስጥ ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ፣ በየራሳቸው በላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ በጠመኔ ስም ተጽፎበታል። የድርቆሹና የእበቱ ሽታ አያቴን ያስታውሰኝ ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ እዛ ነበር የምውለው። አንድ ቀን ጥጃ ተወለደች፣ ቡርማን በጭድ እያሻሸ ሲያደርቃት እኔ ቀልቤ ሁሉ ስሟ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጎጃም አያቴ ቤት ላም ስትወልድ ስም የምናወጣው እኛ ልጆቹ ነበርን፣ መልኳን እያየን፣ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ሻሾ፣ ቦቃ። ይቺ ዝንጉርጉር ነበረችና «ቡሬ!» አልኩ። ቡርማን ሳቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ የእናትየዋን ሰሌዳ አየ፣ «ዬልቼ 31» ይላል፣ ከዛ ጠመኔውን አንስቶ ለጥጃዋ «ዬልቼ 38» ብሎ ጻፈ። በቃ። ለምን ስለው ዓይኑን ጠቀስ አርጎ «ሄት ቤስቼ ሙት ኤን ናም ሄበን» አለኝ።

ለካ ላሞቹ የሚወርሱት የእናታቸውን ስም ነው፣ ከትውልድ ትውልድ ስሙ አንድ ነው፣ የሚቀየረው ቁጥሩ ብቻ። ወንድ ጥጃ ስምም የለው፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ታርጋ ተደርጎለት በሁለተኛው ሳምንት ነጋዴ ይወስደዋል። እና በኋላ ያወቅኩት ነገር፣ ዬልቼ የቡርማን የእናቱ ስም ነው! የመጀመሪያዋ ላም ለእናቱ ክብር ነው የተሰየመችው። ላምን በእናትህ ስም መጥራት! አያቴ ይሄን ብትሰማ ሦስቴ ነበር የምታማትበው፣ ለሱ ግን ከዚህ የበለጠ ፍቅር አልነበረም።

እዚህ ጋ የኔ ቲዎሪ ይመጣል። አባባሉ የተወለደው በረት ውስጥ ነው እላለሁ። እስቲ አስቡት፣ ቤስት የሚለው ቃል ለከተማ ሰው ማንኛውም እንስሳ ነው፣ ለገበሬ ግን ቤስተን ማለት የቀንድ ከብት ነው፣ ሌላ አይደለም። በ1874 የአገሪቱ የከብት ዘር መዝገብ ተቋቋመ፣ ፍሪሶቹ ደሞ ከናንተ ጋ አንደባለቅም ብለው በ1879 የራሳቸውን አቋቋሙ፣ (75ኛ ዓመቱን ሲያከብሩ በ1954 ሌዋርደን ከተማ ውስጥ ለላም የነሐስ ሐውልት አቆሙ፣ ስሟ ዑስ ሜም ነው፣ «እናታችን» ማለት፣ ቀልድ አይደለም፣ ሂዱና እዩ)። መዝገብ ካለ ደሞ ስም የግድ ነው። ስኼትሰር (ንድፍ ሣይ) የሚሉት ባለሙያ እየዞረ የጥጃዋን ዝንጉርጉር በግራም በቀኝም ካርድ ላይ በእርሳስ ይስል ነበር፣ የላም ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ነውና ሁለት አንድ አይነት የለም፣ ቡርማን የድሮዎቹን ካርዶች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ታዲያ ስኼትሰሩ ስሎ ሲጨርስ «ስሟስ?» ይላል፣ ገበሬው ደሞ ቡናው እየቀዘቀዘበት ነው... አባባሉ ከዚህ ሌላ ከየት ይመጣል?

አዎ አውቃለሁ፣ ጀርመኖችም ተመሳሳይ አላቸው፣ እነሱ «ልጁ ስም ያስፈልገዋል» ነው የሚሉት፣ ደቾችም አንዳንዴ በልጅ ይሉታል። ስለዚ ከልጅ ወደ ከብት ወረደ እንጂ ከበረት አልወጣም የሚል ይኖራል። ይበል። እኔ ጠመኔውን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንደውም የደች ህፃናት ስም ራሱ ከበረቱ ሰሌዳ ብዙ አይርቅም። የድሮው ወግ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባትየውን አባት ስም ይወስዳል፣ የመጀመሪያ ሴት የእናትየዋን እናት፣ ሁለተኛ ወንድ የእናትየዋን አባት፣ እንዲህ እያለ ይዞራል፣ ወንድ ካልተወለደ ሴቷ ላይ ቅጥያ ይደረግና ክላስ ክላስዬ ይሆናል፣ ሄንድሪክ ሄንድሪካ፣ ሃርም ሃርምኬ። ያቺ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኬ» እኛ አበብዬ ስንል የምንጨምራት «ዬ» ናት፣ ለእትዬ ይሄን ብነግራቸው ኖሮ የጦር ሰውዬው ትንሽ ይለዝብላቸው ነበር። ትርጉም ካላችሁማ አብዛኛው ስም የምናውቀው ነው፣ እንደ ሳሙና አልቆ አልቆ ነው እንጂ። ያን ዮሐንስ ነው፣ ክላስ ኒቆላዎስ፣ ኮስ ያዕቆብ፣ ቱን እንጦንስ፣ ሳነ ሶስና። ኬስ ቆርኔሌዎስ ነው፣ ጎግል ብታረጉት ከላቲኑ «ቀንድ» ጋር ያያይዙላችኋል፣ እዩ፣ አሁንም ወደ በረት! ግን ያን የተባለ ሆላንዳዊ «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» ማለት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፣ የማን ያን እንደሆነ ግን ያውቃል።

ለዚህ ከሁሉም የሚነካኝ የቫን ጎግ ቤት ነው። ሰዓሊው ቪንሰንት መጋቢት 30 ቀን 1853 ዙንደርት ተወለደ (ዓመቱም ወሩም በነሱ ነው)፣ ልክ ከዓመት በፊት፣ በዚያችው ቀን፣ በ1852 ሞቶ የተወለደ ወንድም ነበረው፣ እሱም ቪንሰንት። አያታቸውም ቪንሰንት። ሰው ይሄን ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል፣ የሞተ ልጅ ስም እንዴት ለሌላ ይሰጣል ይላል፣ ያኔ ግን የተለመደ ነበር፣ ስሙ መሬት እንዳይወድቅ። እኛስ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እያልን የለ እንዴ? እኛ ሐዘኑን ቃል አርገን እንጠራዋለን፣ እነሱ የሞተውን ራሱን ስም ይደግሙታል። ከዛ ወንድሙ ቴዎ (እሱም የአባቱን ስም ይዞ) በ1890 ጥር ላይ ወንድ ልጅ ሲወልድ ቪንሰንት ቪለም አለው፣ ሰዓሊው ለዚህ ህፃን ነው ያንን ሰማያዊ ላይ ያበበ የአልመንድ ቅርንጫፍ የሳለው፣ አምስተርዳም ሙዚየሙ ውስጥ አለ፣ ሙዚየሙ እንዲኖር ያደረገውም ያው ህፃን አድጎ ነው።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። ፍሪሶች እስከ 1811 ድረስ ብዙዎቹ እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፣ ዬለ ሃርምስ ማለት ዬለ የሃርም ልጅ፣ ናፖሊዮን ነው በነሐሴ አዋጅ የቤተሰብ ስም አስመዝግቡ ያላቸው። የፈረንሳዩ ሕግ ደሞ የልጅ ስም ከቅዱሳን መቁጠሪያ ወይ ከጥንት ታሪክ ይሁን ይል ስለነበር እስከ 1970 ድረስ እንደልብህ ስም መፍጠር አልነበረም። ዛሬ በሦስት ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ የፈለከውን ታስመዘግባለህ፣ ጸሐፊው ነውር ካልሆነበት። የልደት ካርዱን ብታዩት ግን ድሮው እዛው አለ፣ ከላይ በረጅሙ ሃርሚና ዮሃና ማሪያ፣ ከታች ሃርምኬ፣ የላዩን የጥምቀት ስም ይሉታል የታቹን ሩፕናም፣ ቃል በቃል መጠሪያ ስም። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ላለን ለኛ ይሄ ሊከብደን ነው?

ስለዚ ደች ቤት አራስ ስትጠይቁ «ትርጉሙ ምንድነው» አትበሉ፣ «በማን ስም ነው» በሉ፣ ከዛ ወሬው አያልቅም፣ አልበም ሁሉ ይወጣላችኋል። አባባሏን ደሞ ለህፃን አትበሉ፣ እባካችሁ። ከእህቷም ጋ አታምታቷት፣ «ከብቷን በስሟ ጥሯት» የሚል ሌላ አለ፣ እሱ አትሸፋፍን፣ ነገሩን በግልጽ ተናገር ነው፣ የኛ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ስብሰባ ላይ ሲናገር ስንቴ ሰምቻለሁ። ደቾቹም ቢሆኑ አበላሽተዋታል። የቤት ኪራይ ውል ስፈርም አንድ ምን እንደሆነ የማይታወቅ የ150 ዩሮ ክፍያ አይቼ ምንድነው ብል አከራዩ እየሳቀ ከብቷ ስም ያስፈልጋታል አለኝ። ያቺ ከብት አልነበረችም፣ ስርቆት ነበረች፣ ቡርማን ቢሆን ጆሮዋ ላይ ታርጋ አርጎ በሁለተኛው ሳምንት ነበር የሚሸኛት።

የሃርምኬ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ሦስተኛ ስም ይወጣላታል። ጓደኛዬንም ከወዲሁ ነግሬዋለሁ፣ እዛም ቤስቼ ካልክ እኔ አላስተረጉምልህም፣ ለባልየው እናት ራስህ ታስረዳለህ።