የእብድ ውሻ በሽታ በዱር እንስሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእብድ ውሻ በሽታ በዱር እንስሳት ላይ ሲታይ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጡት መፍትሔዎች ጠመንጃና መርዝ ናቸው። በሽታው ከሰፊ አካባቢ ሊጠፋ የቻለው ግን እንስሳቱን በመፍጀት ሳይሆን፣ በዱር እንዳሉ በሽታውን እንዲቋቋሙ በማድረግ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቀበሮዎችን በብዛት መግደል በሽታውን ያጠፋዋል።»

ይህ አመለካከት በአውሮፓ ለአሥርት ዓመታት የመንግሥታት ይፋዊ አሠራር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ በፖላንድ ምሥራቃዊ ድንበር አካባቢ የተቀሰቀሰው የቀበሮ ወረርሽኝ በዓመት ከ20 እስከ 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ወደ ምዕራብ ሲገሰግስ፣ የቀበሮ ጉድጓዶች በመርዛማ ጋዝ ታፍነዋል፤ የተመረዘ ሥጋ ተበትኗል፤ ለገዳዮችም ጉርሻ ተከፍሏል። ወረርሽኙ ግን ጉዞውን ቀጠለ። አንድ ክልል ነባር ቀበሮውን ሲያጣ ወጣት ቀበሮዎች ከሌላ ቦታ መጥተው ይይዙታል። ለተረፉት ምግብ ስለሚበዛላቸው ከግልገሎቻቸው ብዙዎቹ ያድጋሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚህ መካከል ባዶውን ቦታ ለመያዝ የሚደረገው ፍልሰትና መናከስ ለቫይረሱ አዲስ መንገድ ይከፍትለታል። ግድያው የታመመውን ከጤነኛው፣ የተከተበውንም ካልተከተበው አለመለየቱ ደግሞ ሌላው ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ተከትቦ በክልሉ የሚኖር ቀበሮ እንግዳ ቀበሮን እያባረረ፣ ሳያውቀው ለቫይረሱ የማይታለፍ አጥር ይሆናል።

ይህንን በተግባር ያሳየችው ስዊዘርላንድ ናት። በ1978 ወረርሽኙ በሮን ሸለቆ በኩል ወደ ተራሮቹ ሊዘልቅ ሲል፣ ክትባት የተደበቀባቸው የዶሮ ጭንቅላቶች በሸለቆው በኩል ተበተኑ፤ በሽታውም ያን የክትባት ቀጠና ሳያልፍ ቀረ። አሠራሩ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ስዊዘርላንድ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፈረንሳይ በ2001፣ ጀርመን ደግሞ በ2008 ከቀበሮ ወለድ በሽታው ነጻ መሆናቸው ተረጋገጠ። ለአሥርት ዓመታት በጥይት ያልተገኘው ውጤት በአንድ ትውልድ ዕድሜ በክትባት መገኘቱ በእኔ ግምት ክርክሩን ይዘጋዋል።

«እንስሳው ክትባቱን ከዋጠው በቂ ነው።»

ክትባቱ የሚሠራው ሆድ ውስጥ አይደለም። ወደ ጨጓራ የወረደ የክትባቱ ቫይረስ እዚያ ይጠፋል፤ ፈሳሹ መንካት ያለበት የአፍ ውስጡን ስስ ሽፋንና ቶንሲልን ነው። ስለዚህ ፈሳሹ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ፣ ከዓሣ ዱቄትና ከስብ በተሠራ መብል ውስጥ ይቀመጣል፤ እንስሳው መብሉን ሲያላምጥ ከረጢቱ ይቀደድና ፈሳሹ በአፉ ውስጥ ይረጫል። መብሉን ሳያላምጥ የሚውጥ እንስሳ ሳይከተብ ይቀራል። ለቀበሮ የተሳካው መብል ስካንክ ለተባለው መጥፎ ሽታ የሚረጭ የአሜሪካ እንስሳ በእጅጉ ያነሰ ውጤት ማስገኘቱም የየእንስሳው አበላልና የሰውነቱ ምላሽ እንደሚለያይ ያሳያል። በብዙ ዘመቻዎች ቴትራሳይክሊን የተባለ መድኃኒት ከመብሉ ጋር ይቀላቀላል፤ መድኃኒቱ በጥርስና በአጥንት ላይ ምልክት ስለሚተው፣ ባለሙያዎች በኋላ የተገኙ እንስሳትን መርምረው መብሉን የበሉትን መለየት ይችላሉ።

«የሚበተነው ክትባት ራሱ በሽታውን ያዛምታል።»

ሥጋቱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ከቀደሙት ክትባቶች አንዳንዶቹ ተዳክሞ ግን በሕይወት ያለ የበሽታው ቫይረስ የያዙ በመሆናቸው፣ በአውሮፓ በጣም ጥቂት እንስሳት ከክትባቱ የመጣ በሽታ ታይቶባቸዋል፤ ይህ ግን ወደ ወረርሽኝ አልተሸጋገረም። ሌላው ዓይነት ክትባት የበሽታውን ቫይረስ ጨርሶ አይዝም፤ የፈንጣጣ ክትባት ይሠራበት የነበረው ቫይረስ ከእብድ ውሻ በሽታው ቫይረስ የላይኛ ሽፋን አንድ ፕሮቲን ብቻ እንዲያመርት ተደርጎ የተዘጋጀ በመሆኑ በሽታውን ሊያስከትል አይችልም። ይሁንና መብሉን ያገኘ ሰው እንዳይነካው፣ ፈሳሹ ቁስሉን ወይም አፉን ከነካውም በውኃና በሳሙና ታጥቦ ለጤና ባለሙያ እንዲያሳውቅ ይመከራል።

«የታመመ የዱር እንስሳ አረፋ እየደፈቀ ያጠቃል፤ ረጋ ያለው ጤነኛ ነው።»

አንዳንዱ የታመመ እንስሳ እንዲህ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይደነዝዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ሰውን መፍራት ያቆማል። በቀን ብርሃን ወደ ሰው የሚጠጋና እንደ ለማዳ የሚሆን ቀበሮ ከሚሸሸው ይልቅ ያሠጋል። በናሚቢያ በ1970ዎቹ መጨረሻ በተከሰተው ወረርሽኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኩዱ የተባሉ ትልልቅ የአጋዘን ዝርያዎች ሲያልቁ፣ ብዙዎቹ ወደ እርሻ ቤቶች ዘው ብለው እስከ መግባት ደርሰዋል። ይህም ሥጋ በል እንስሳት ብቻ ይታመማሉ የሚለውን ግምት ያፈርሳል።

«ሰዎች በሽታው የሚይዛቸው በአብዛኛው ከዱር እንስሳት ነው።»

በዓለም ዙሪያ ሰዎችን ከሚያጠቃው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ብዙ ጊዜም የጉዳቱ አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጠው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮዎች በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ያለቁት ከውሾች በመጣ ቫይረስ ሲሆን፣ እነርሱን ለማዳን በአካባቢው ያሉ ውሾችም ቀበሮዎቹም ይከተባሉ።

«ሁሉም ካልተከተቡ ልፋቱ ከንቱ ነው።»

አንድ የታመመ ውሻ በአማካይ ከሁለት ያነሱ ሌሎች ውሾችን ነው የሚያስይዘው፤ ይህም ሰንሰለቱ በቀላሉ የሚበጠስ መሆኑን ያሳያል። ለውሾች የሚጠቀሰው ግብ 70 በመቶ ነው። በዱር እንስሳት ዘንድም ሁሉንም ማዳረስ ሳይሆን፣ የተከተቡት በቂ ሆነው በአካባቢው በተመጣጠነ ሁኔታ መበተናቸው ይበቃል። አዲስ የሚወለዱት ግልገሎች ያልተከተቡ ስለሆኑ ዘመቻው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይካሄዳል፤ በሰፊ አካባቢ መብሉ የሚበተነው በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ነው።

«በሽታው አንዴ ከጠፋ ክትባቱን ማቆም ይቻላል።»

ጣሊያን በ1997 ነጻ ሆና ሳለ፣ በ2008 ቫይረሱ በሰሜን ምሥራቅ ድንበሯ በኩል ተመልሶ ገባ፤ በክትባት ተገትቶ ነጻነቷ ዳግም የተረጋገጠው በ2013 ነው። በሽታው በጎረቤት አገር እስካለ ድረስ በድንበር አካባቢ መብል መበተኑ ይቀጥላል፤ ሞተው የሚገኙ ቀበሮዎችም ይመረመራሉ። በሰው አማካኝነት የሚመጣው አደጋም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ራኩን የተባለውን አነስተኛ የዱር እንስሳ የሚያጠቃው የቫይረሱ ዓይነት በ1970ዎቹ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ መካከለኛው አትላንቲክ አካባቢ የደረሰው፣ አዳኞች ለአደን ሲሉ ባጓጓዟቸው ራኩኖች ሳይሆን አልቀረም።

«በዚሁ መንገድ ከሌሊት ወፎችም ይጠፋል።»

እስካሁን በሰፊው የተሳካ ዘዴ የለም። የሌሊት ወፎች መሬት ላይ የተጣለ መብል አያነሱም። በላቲን አሜሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ለአሥርት ዓመታት በመርዝ ቢገደሉም በሽታው ከመንጎቻቸው አልጠፋም፤ የተረፉት ወደ ሌሎች ዋሻዎች ሲበተኑ ቫይረሱንም ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ዋነኛው መከላከያ ከብቶችን አስቀድሞ መከተብና የተነከሰን ሰው ሳይዘገዩ ማከም ነው።