ላቫጆና ስፖንጅ፦ የመኪና እጥበት በጎንደር

ጎንደር ላይ መኪና የሚታጠብበት ቦታ በግርድፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላቫጆ ነው፦ ፓምፕ፣ ረጅም የውሃ ጎማ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል። ሌላው መንገድ ዳር ነው፦ አንድ ልጅ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ። ዋጋቸው ይለያያል፣ ውሃቸውም እንደዚያው። ስፖንጁ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ከፍራሽ የተቆረጠ ቢጫ ቁራጭ።

ላቫጆ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ስፖኪዮ የምንላቸውም እንደዚሁ። የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ቃላቱ ግን ከፒያሳው ሕንፃዎች ጋር አብረው ቀሩ።

ወደ ስፖንጁ እንመለስ። ብዙ ሰው መኪና ሲጫር ስፖንጁን ይወቅሳል፣ «ደረቅ ነው» ይላል። ስፖንጅ በራሱ ቀለም አይጭርም። የሚጭረው ስፖንጁ ይዞት የሚዞረው አሸዋ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት ከመኪና ቀለም በጣም ትጠነክራለች፤ መስታወትንም ትጭራለች። ቀለሙን ከላይ የሚሸፍነው ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት አንጸባራቂ ንብርብር ደግሞ ከአንድ የጠጉር ዘለላ ይሳሳል። ስለዚህ ስፖንጅ ስትመርጡ ዋናው ጥያቄ «ለስላሳ ነው ወይ?» አይደለም። «አሸዋው የት ይገባለታል?» ነው።

የፍራሽ ስፖንጅ እዚህ ላይ ይወድቃል። ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፣ ቀዳዳው ጥቃቅን፣ ፊቱ ጠፍጣፋ። አሸዋው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ፊቱ ላይ ተጣብቆ በእጅ ግፊት ከቀለሙ ጋር ይፋጫል። ያለ እሱ አማራጭ ከሌለ ትልልቅ ቀዳዳ ያለውን፣ ሲጨመቅ ቶሎ ውሃ የሚተፋውን ምረጡ። እየተፈረፈረ ያለውን ጣሉት።

ጀርባው አረንጓዴ የሆነው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ መኪና አጠገብ መድረስ የለበትም። አረንጓዴው በኩል ድስት እንዲፍቅ ሆን ተብሎ ሸካራ ዱቄት ተጨምሮበታል። «በቢጫው በኩል ብቻ ነው የማጥብበት» የሚል አጣቢ አጋጥሞኛል። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳ፣ ተመለሰ፤ የትኛው ፊት እንደነበር ማን ያስታውሳል?

ከባሕር የሚወጣው የተፈጥሮ ስፖንጅ የእንስሳ አጽም ነው። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ግን እኛ ሱቅ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፣ ውድም ነው። ከሁሉም የሚሻለው የማይክሮፋይበር ጓንት ነው። እንደ በግ ፀጉር የተንጠለጠሉ ክሮቹ አሸዋውን ከቀለሙ አርቀው መሃላቸው ይደብቁታል፣ ውሃ ውስጥ ሲራገፍም ይለቁታል። አሮጌ ቲሸርትስ? ከነስፌቱና ከነቁልፉ ከሆነ አይሆንም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለማድረቅ ያገለግላል፣ ለማጠብ ግን ልክ እንደ ጠፍጣፋው ስፖንጅ ነው።

በበጋ የመተማም ሆነ የደባርቅ መንገድ ውሎ የመጣ መኪና ላዩ አቧራ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከበሩ በታች ያለው ሁሉ የደረቀ ጭቃ ይሆናል። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ስፖንጅ አስቀድሞ ማንሳት ነው። መጀመሪያ ውሃ ብቻ። ጭቃው እስኪርስ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከዚያ በውሃ ይውረድ። በእጅ ሳይነካ የወረደ ጭቃ ጭረት አይተውም።

«ውሃ ከየት መጥቶ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ በፈረቃ ውሃ የሚጠብቅ ሰፈር ብዙ ነው። በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን ትንሽ መኪና በደንብ ይታጠባል። አንዱን ሙሉ ጀሪካን ለመጀመሪያው ማውረጃ ስጡት። ከሁለተኛው ግማሹን ለሁለት ባልዲ አካፍሉ፤ በአንዱ ሳሙና፣ በሌላው ባዶ ውሃ። የቀረው ለማለቅለቂያ። ስፖንጁ ከሳሙናው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ባዶው ውሃ፣ ተጨምቆ እንደገና ወደ ሳሙናው። ሁለተኛው ባልዲ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ሲጨርስ ታቹን ይይ። እዚያ የተኛው አሸዋ ቀለሙ ላይ ሊዞር የነበረው ነው።

አስተጣጠቡም ወግ አለው። ከጣሪያ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር፣ ሳይጫኑ። እንደ ምጣድ ማሰሻ እያዞሩ ማጠብ ነው ፀሐይ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስለውን ጭረት የሚያመጣው። ቸርኬ የራሱ ስፖንጅ ይኑረው፤ ፍሬን የሚያራግፈው ብናኝ ብረት አለበትና። እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ ነጭ ያልሆነች ቪትዜ ነው። አንድ ልጅ ከጎማው ጀምሮ በዚያው ስፖንጅ ኮፈኑ ላይ ወጣ። ማታ አብረቀረቀች፣ ሂሳቡን ከነጉርሻው ከፈልኩ። ጠዋት ፀሐይ ሲመታት ኮፈኑ በሙሉ ክብ በክብ ነበር።

ስፖንጅ መሬት ከወደቀ እጥበቱ ለእሱ አበቃ። ለቅልቆ መቀጠል ያጓጓል፣ ግን ጠጠሩ አንዴ ቀዳዳ ውስጥ ከተሰካ አይወጣም።

ከአሮጌ አይሱዙ ላይ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ አትደንግጡ። ክሊር የሌለው ወይም ክሊሩ ያለቀበት ቀለም ነው፣ ፀሐይ የበላው ፊት ነው የሚለቀው። እዚያ ላይ መፈተግ አያስፈልግም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ሳሙናውንም ሳይለቀለቅ ታደርቀዋለች፤ ጠዋት በማለዳ ወይም ጥላ ሥር ይታጠብ። ዱቄት ሳሙና ቀለሙ ላይ የተቀባውን ሰም አጥቦ ይወስዳል፣ የመኪና ሻምፑ ካለ እሱ ያንሸራትታል፣ ማንሸራተት ደግሞ ጭረት መቀነስ ማለት ነው።

ወንዝ ውስጥ ማጠብ በሁለት መንገድ ያከስራል። አንደኛ፣ ክረምት ላይ የሚወርደው ድፍርስ ውሃ ራሱ አሸዋ ነው፤ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ጀሪካን ውስጥ አድሮ ቢጠል ይሻላል። ሁለተኛ፣ የቀሃም የአንገረብም ውሃ በመገጭ በኩል ጣና ነው የሚገባው፣ ከነዘይቱና ከነሳሙናው። ቀሃ ደግሞ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ወንዝ ነው።

በጥር፣ ጥምቀትና ሰርግ ሲገጣጠሙ፣ ላቫጆ ወረፋ ይበዛል። በዚህ ጊዜ የራስን ስፖንጅ ይዞ መሄድ ነውር የለውም። አጣቢው ትንሽ ሊያኮርፍ ይችላል። «ወንድም፣ በዚህችኛው አርገው፣ ለቸርኬው በራስህ» ብሎ ሻይ መጋበዝ ነው።

መኪናው ከታጠበ በኋላ ስፖንጁ ተለቅልቆ፣ ተጨምቆ፣ አየር ላይ ይሰቀል። ባልዲ ውስጥ ከነውሃው የከረመ ይሸታል። ፊቱ ሲያረጅ ከኮፈን ወደ ቸርኬ ይውረድ፣ ከቸርኬ ወደ ባጃጅ ወለል፣ ከዚያም ወደ ቆሻሻ።