የአከርካሪ ጅማት ወደ አጥንትነት መለወጥ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በጅማቱ ላይ ካልሲየም የተጠራቀመ ይመስለዋል፤ የሚፈጠረው ግን የራሱ ሕዋሳት ያሉት እውነተኛ አጥንት ነው። ለውጡ ከአከርካሪ አጥንቶቹ በስተፊት ባለው ረጅም ጅማት ላይ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ የሚታይና በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከአንዱ የአከርካሪ አጥንት ወደ ቀጣዩ እንደ ድልድይ የሚሻገር ነው፤ በተለመደው መስፈርት፣ በሽታው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲሽ (DISH) ተብሎ የሚጠራው ቢያንስ 4 ተከታታይ አጥንቶች በዚህ መንገድ ሲያያዙ ነው። በደረት አካባቢ ድልድዩ በቀኝ በኩል ይበዛል፤ በግራ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ በትርታው እድገቱን እንደሚገታ ይታመናል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ከአከርካሪ አጥንቶቹ በስተኋላ ያለው ጅማት ወደ አጥንትነት ሲለወጥ ነው። አንገት ላይ ሲወፍር ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ስለሚችል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ሳይተወው ፈጥኖ መመርመር አለበት።